መጻሕፍቱን ከቁልፍ አውጡልን፦ በወሎ ላሉ ትንንሽ ከተሞች አስተዳደሮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በወሎ ለምትገኙ የትንንሽ ከተሞች ከንቲባዎች፣ የምክር ቤት አባላት፣ የባህልና ቱሪዝም እንዲሁም የፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ማዋስ እንዲጀምሩ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። ግንቦት እየተጋመሰ ነው። የሚቀጥለው ዓመት በጀት ጠረጴዛችሁ ላይ ነው ያለው። ሐምሌ 1 ካለፈ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ «በጀት አልተያዘለትም» ተብሎ እንደሚመለስ እናንተም እኔም እናውቃለን። ስለዚህ ጊዜው ሳያልፍ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የከተሞቻችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ማዋስ ይጀምሩ። አንባቢ ፈርሞ ይውሰድ፤ ቤቱ ሆኖ ያንብብ፤ በቀኑ ይመልስ። የሰዓቱም፣ የሕፃናቱም፣ የሠራተኛውም ነገር አለ፤ ወደ እሱ እመጣለሁ። ሥሩ ግን ይሄ ነው።

መምህር ነኝ። በወሎ ከአንድ በላይ ከተማ አስተምሬያለሁ። የየትኛውንም ከተማ ስም አልጠራም፤ ያየሁት የአንድ ከተማ ጉዳይ ብቻ አይደለምና። ቤቱ ብዙ ጊዜ በማዘጋጃ ቤት ወይም በባህል ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። በር ላይ ጥበቃ አለ። ቦርሳ ይቀመጣል፤ መታወቂያ ይያዛል፤ ስም መዝገብ ላይ ይጻፋል። መደርደሪያው ከባንኮኒው ጀርባ ነው፤ አንባቢ ገብቶ አይመርጥም። የሚፈልገውን መጽሐፍ ስም ይናገራል፤ ካለ ይሰጠዋል። እዚያው ያነባል፤ እዚያው ይመልሳል። ጠዋት 2:30 ይከፈታል፤ ለምሳ ይዘጋል፤ 11:30 ሲሆን ሁሉም ይወጣል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ከተከፈተ ትልቅ ነገር ነው። የሚፈልገውን መጽሐፍ ስም የማያውቅ ልጅስ ምን ብሎ ይጠይቅ? እኔ በሕይወቴ የወደድኳቸውን መጻሕፍት አብዛኞቹን ያገኘኋቸው ሌላ ስፈልግ ነው።

ውስጥ የተቀመጡት በአብዛኛው የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። የራሳቸውን ደብተር ይዘው መጥተው ያጠናሉ። አልፈርድባቸውም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ይህን ቁጥር የሰማ ልጅ ጸጥ ያለ ወንበርና መብራት ቢፈልግ ምን ይገርማል? አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ የታተመ መማሪያ መጽሐፍ ለሁሉም አልደረሰም። ብዙዎቹ በፒዲኤፍ፣ ከስልክ ላይ ነው የሚያነቡት። ስልክ የሌለው የጓደኛውን ተደግፎ ያያል። ወንበሩ ይኑራቸው፤ እንዲያውም ይጨመርላቸው። እኔ የምጠይቀው ከኋላቸው ስላለው መደርደሪያ ነው። ልጆቹ ፊታቸውን ወደ ደብተራቸው እንዳዞሩ፣ መጻሕፍቱ ከጀርባቸው እንደቆሙ ዓመቱ ያልቃል።

ለምን እንደማይዋሱ ጠይቄ አውቃለሁ። ሠራተኞቹ ክፉ ሆነው አይደለም። አንዷ የመለሰችልኝ አጭር ነበር፦ «መምህር፣ እኔ እኮ ፈርሜ ነው የተረከብኩት። አንድ ቢጎድል ከደሞዜ ነው።» እውነቷን ነው። መጽሐፉ ሲመጣ በሞዴል 19፣ በንብረት መረከቢያ ቅጽ፣ ገቢ ይሆናል። ከዚያ እንደ ወንበሩ፣ እንደ ጠረጴዛው፣ እንደ ቁም ሳጥኑ ንብረት መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ቆጠራ ሲመጣ ይቆጠራል። ሲጎድል ፈራሚዋ ትጠየቃለች። ታዲያ በዚህ አሠራር ጎበዝ የምትባለው ማን ናት? መጽሐፉ ያልተነካባት ናት። ለሰው ያዋሰችው ደግሞ ተጠያቂ ትሆናለች። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እቆልፋለሁ።

ስለዚህ ይህ ነገር የሚፈታው በእናንተ ፊርማ ነው። በመንግሥት ንብረት አያያዝ ቋሚ ዕቃና አላቂ ዕቃ ይለያል። ጠመኔ አላቂ ነው፤ የወሰድከውን ጠመኔ መልስ የተባለ መምህር የለም። መጽሐፍ ከሁለቱ መሐል ነው። በደንብ የተነበበ መጽሐፍ ሽፋኑ ይላቀቃል፣ ገጹ ይሳሳል፣ አንዳንዱም ይጠፋል። ይህ የመነበቡ ምልክት ነው። ምክር ቤታችሁ አጭር መመሪያ ያውጣ። በዓመት ለውሰት ከወጡት መጻሕፍት ከመቶ እስከ አምስት የሚሆኑት ቢጠፉ ወይም ቢያረጁ፣ በኮሚቴ ታይተው ከመዝገብ ይሰረዙ። ሠራተኛዋ ቸልተኛ መሆኗ ካልተረጋገጠ በቀር ከደሞዟ አይቆረጥ። አምስት ያልኩት የራሴ ሐሳብ ነው፤ ሦስትም ይሁን ሰባት ተነጋግራችሁ ወስኑ። ዋናው የሚታወቅ ልክ መኖሩ ነው። ንብረት ማስወገድ እንደሆነ የምታውቁት ሥራ ነው። ያረጀ ጎማና የተሰበረ ወንበር ስታስወግዱ ኖራችኋል።

ማዋስ ለምን ይህን ያህል አንገበገበኝ? በሴቶቹ ተማሪዎቼ ምክንያት ነው።

ላይብረሪ ቁጭ ብሎ ለማንበብ ጊዜ ያለው ማን ነው? ከትምህርት ቤት መልስ ሥራ የማይጠብቀው ነው። በእኛ አገር ያ ማን እንደሆነ አይጠፋችሁም። ወንድሟ ደብተሩን ይዞ ሲወጣ እሷ ውኃ ትቀዳለች፤ ሊጥ ታቦካለች፤ ታናናሾቿን ታጥባለች። ቀና ስትል 12 ሰዓት ሆኗል። ላይብረሪው ተዘግቷል።

አንዷን የ9ኛ ክፍል ተማሪዬን ከሰዓት በኋላ ላይብረሪው ውስጥ አየኋት። ቢጫ ጀሪካኗን በር ላይ፣ ጥበቃው እግር ሥር አስቀምጣለች። ወንበር አልያዘችም። ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብላ ከባዮሎጂ መጽሐፍ ወደ ደብተሯ ትገለብጣለች። ስለ ደም ዝውውር የሚያወሳው ገጽ ነበር። የልብን ሥዕል በእርሳስ ስላ፣ አራቱን ክፍሎች ለይታ፣ ቀስቶቹን እያስገባች ነው፤ ደሙ ከየት እንደሚመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ። የመጣችው የቧንቧው ወረፋ እስኪደርሳት ነው። አንድ ልጅ ከደጅ ስሟን ሲጣራ ሥዕሉን እንደጀመረችው ትታ፣ ጀሪካኗን አንስታ ሮጠች። መጽሐፉ ተገልጦ ቀረ። ሠራተኛዋ ዘግታ ወደ ቦታው መለሰችው።

ያ መጽሐፍ ያን ሌሊት መደርደሪያ ላይ፣ ተቆልፎበት አደረ። ልጅቷም ቤቷ አደረች፤ ሁሉም ከተኛ በኋላ የምታነብበት አንድ ሰዓት ነበራት። ሁለቱን የለያያቸው ሌላ ምንም የለም፤ ደንቡ ነው። ይህን ደንብ መቀየር መንገድ እንደመሥራት ብዙ ሚሊዮን ብር አይጠይቅም።

ደግሞ መጽሐፍ አንድ ቤት ሲገባ አንድ ሰው ብቻ አያነበውም። ታናሽ እህት ሥዕሉን ታያለች። አባት «እስኪ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» ይላል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ እናቶችና አባቶች በየቤቱ አሉ። ያ ዘመቻ ኢትዮጵያን በዓለም ፊት ያስከበረ ነበር። ግን ማንበብ የተማረ ሰው ቤት ውስጥ የሚነበብ ነገር ካጣ ፊደሉን ይረሳዋል። ዛሬ ስሙን ብቻ መጻፍ የሚችል ብዙ አባወራ አውቃለሁ። በጎልማሳነቱ ላይብረሪ ሄዶ ከተማሪ ጋር ተደባልቆ መቀመጥ ያፍራል። ልጁ ያመጣችለትን መጽሐፍ ግን እሳት ዳር ሆኖ ይሞክራል።

«ሕዝቡ አይመልስም» ትሉ ይሆናል። ይህን የሚሉ ኃላፊዎች ገጥመውኛል። እኔ ቅሬያችንን፣ ሌላው እድር የሚለውን፣ ተመልከቱ እላለሁ። ቅሬ ድንኳን አለው፤ ድስት፣ ሰሃን፣ አግዳሚ ወንበር አለው። ለቅሶ ሲመጣ ዕቃው ይወጣል፤ ሲያበቃ ተቆጥሮ ይገባል። የጎደለ ይተካል። ጸሐፊው የሚይዘው አንድ ደብተር ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ቅሬ ሲቀባበር የኖረ ሕዝብ፣ ሰሃኑን ቆጥሮ የሚመልስ ሕዝብ፣ መጽሐፍ ሲሆን የማይታመንበት ምክንያት አይገባኝም።

እንዲያውም ቅሬው ራሱ ዋስ ይሁን። የቅሬ ዳኞችን ጥሩና አነጋግሩ። የቅሬ አባል የሆነ ቤተሰብ ሁሉ በቅሬው የተረጋገጠ የንባብ ካርድ ያውጣ። ልጆች በትምህርት ቤታቸው ዋስትና ይውሰዱ። የገንዘብ ማስያዣ አትጠይቁ፤ የደሃ ልጅ በሩ ላይ የሚቀረው በእሱ ነው። ለኪራይ ቤት ነዋሪና ለተፈናቃይ ደግሞ፣ ቅሬ ላይኖራቸው ይችላልና፣ ቀበሌው ይዋስላቸው። ጦርነቱ ከቤታቸው ያወጣቸው ሰዎች በብዙ ከተሞቻችን አሉ። ልጆቻቸው ከማንም በላይ መጽሐፍ ያስፈልጋቸዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኮምፒውተር የግድ አይደለም። በመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ውስጥ የወረቀት ኪስ ይለጠፋል፤ ኪሱ ውስጥ ካርድ ይገባል። መጽሐፉ ሲወጣ ካርዱ ላይ የወሳጁ ስምና የመመለሻው ቀን ይጻፋል፤ ካርዱ ሠራተኛዋ ጋ ይቀራል። በየቀኑ ካርዶቹን በቀናቸው ስትደረድር ማን እንደዘገየ በአንድ ዐይን ታያለች። ለአንድ ሰው ሁለት መጽሐፍ፣ ለሁለት ሳምንት ቢሆን ይበቃል። ሌላ የሚጠብቀው ከሌለ ይታደስ። ለዘገየ ልጅ የገንዘብ ቅጣት አይጣል፤ እስኪመልስ ድረስ ሌላ አይውሰድ፣ በቃ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ጊዜው ይርዘም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ልጆቹ ቤት ሲውሉ ነው መጽሐፍ የሚነበበው።

መጽሐፍ መንከባከብ ለወሎ አዲስ ነገር አይደለም። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ዘመን የትምህርት ማዕከል ነበር። የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ የሚባለው ወንጌል ላይ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። ዝርዝር መያዝ ማለት የቤተ መጻሕፍት ሥራ ነው፤ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት እዚሁ ሲሠራ ነበር። የዋድላ ቅኔ ከዚሁ አገር ነው የወጣው። ዳና፣ ጌታ፣ ጀማ ንጉሥ ኪታብ የሚቀራባቸው፣ መንዙማ የሚባልባቸው ታላላቅ ቦታዎች ናቸው። የኪታብ ተማሪውን፣ ደረሳውን፣ ከሩቅ ሲመጣ ያበላው የየመንደሩ ገበሬ ነው፤ ለቆሎ ተማሪውም እንደዚያው። የብራና መጻሕፍት ላይ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ይኩን» ተብሎ ይጻፋል፤ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ያን ያህል ይሳሱለታል። ያም ሆኖ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ ይነበባል፤ ይገለበጣል። ትምህርቱ የተስፋፋው በዚያ ነው።

መጽሐፍ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ሲቆለፍበት ምን ሊደርስበት እንደሚችልም ወሎ አይታለች። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ፣ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው፣ ብዙ መቶ የብራና መጻሕፍት አከማችተው ነበር። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ዘረፈው። ወደ 350 የሚጠጉት ለንደን ገቡ፤ ዛሬም እዚያው ናቸው። በቅርቡ ጦርነትም በወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘረፉና ሲወድሙ መጻሕፍታቸው አብረው ሄደዋል። በየሰው ቤት ከነበረው ግን የተረፈ አለ። «ብናውሰው ይጠፋል» የሚል ሰው ይህንንም ያስብ። ቁልፍ ብቻውን መጽሐፍ አያድንም።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ቤተ መጻሕፍት በመንግሥት የሥራ ሰዓት ከተከፈተ፣ ተማሪው ክፍል፣ ነጋዴው ሱቅ፣ ሠራተኛው ቢሮ በሚሆንበት ሰዓት ነው የተከፈተው። ጠዋት ዘግይቶ ይከፈት፤ ማታ እስከ 2 ሰዓት ይቆይ። ሰዓቱን ማሸጋሸግ እንጂ መጨመር እንኳ አይደለም። ልጃገረዶች በጨለማ እንዳይቸገሩ በሩ ላይና ወደ ዋናው መንገድ በሚወስደው በኩል መብራት ይኑር። በረመዳን ሰዓቱ ከነዋሪው ጋር ተመካክሮ ይስተካከል። ይህን ለመወሰን የሠራተኞች ፈረቃ ማውጣት ብቻ ይበቃል።

ከሁሉ በላይ ግን በገበያ ቀን ይከፈት። እያንዳንዱ ከተማችን የራሱ ቀን አለው። ሰኞ ባቲ የሚወርደውን ሕዝብ አስቡት። ከየገጠሩ ቀበሌ የሚመጣ ሰው ከተማ የሚውለው ያን ቀን ነው። እግረ መንገዱን መጽሐፍ ለልጁ ይዞ ይሂድ፤ በሚቀጥለው ገበያ ይመልስ። አጋጣሚው በእጃችን ነው፤ ቀኑ ቅዳሜ ሲሆን ግን በሩ ዝግ ነው።

በገበያ ቀን አንድ ጠረጴዛ ለወረቀት ንባብ ይመደብ። ይህ ነገር ብዙ ሰው አይታየውም፤ እኔ ግን ያሳስበኛል። አንዲት እናት ከመቀነቷ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ፣ ላይብረሪው በር ላይ ጥበቃውን «እስኪ ልጄ፣ ይቺ ምን ትላለች?» ስትለው ሰምቻለሁ። የፍርድ ቤት መጥሪያ ነበር። ቀጠሮው ቀርቦ ነበር። ጥበቃው አነበበላት፤ አምላክ ይስጠው። ግን ይህ የጥበቃ ሥራ መሆን አልነበረበትም። የይዞታ ደብተር፣ መጥሪያ፣ የጤና ጣቢያ ወረቀት፣ የባንክ ደብዳቤ ለሰው ሁሉ ይመጣል። በነጻ የሚያነብ፣ የሚያስረዳ፣ የማንንም ምስጢር የማያወጣ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ጡረታ የወጡ መምህራን በየከተማው አሉ። ብትጠይቋቸው ደስ ብሏቸው ይመጣሉ። በዚያው ጠረጴዛ ላይ በኢንተርኔት የሚሞላ ቅጽ የሚሞላለት፣ የፈተና ውጤት የሚታይለት ሰው ይረዳ። ዛሬ ለዚህ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት ቤት እየሄደ ይከፍላል።

የሕፃናቱ ጉዳይ ደግሞ ልብ ይሰብራል። «መታወቂያ አለህ?» ይባላል የ3ኛ ክፍል ልጅ። ከየት ያመጣል? የቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠው 18 ዓመት ለሞላው ነው። ልጆች ያለ መታወቂያ ይግቡ። በአንድ ጥግ ምንጣፍ ይነጠፍላቸው፤ ዝቅ ያለ መደርደሪያ ይሠራላቸው፤ መጽሐፉን ራሳቸው ያንሱ፣ ይገልብጡ። ቅዳሜ ጠዋት ተረት ይሁን። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለው የሚመልሱ ልጆች አሁንም አሉን፤ የሚነግሯቸው አያቶችም አልጠፉም። አንድ አያት አምጥታችሁ አስቀምጡ፤ ተረቱ ሲያልቅ ልጆቹ የሚወስዱት የተረት መጽሐፍ ይኑር። በከሚሴና በባቲ አካባቢ በአፋን ኦሮሞ፣ የአርጎባ ሰዎች ባሉበት በአርጎብኛ ይተረት። ልጅ በገዛ ቋንቋው ሳቅ ሲል ነው መጽሐፍ የሚወደው።

ከከተማ ወጣ ላሉት ቀበሌዎችም መላ አለ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የመሠረቱት «ኢትዮጵያ ሪድስ» ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት የመጻሕፍት ጋሪ አስጀምሮ ነበር። ጎረቤታችን ኬንያ በጋሪሳ በኩል መጽሐፍ በግመል እያስጫነች ለአርብቶ አደሩ ስታደርስ ኖራለች። አህያም ግመልም ከወሎ የጠፋ እንስሳ አይደለም። አዲስ አበባ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት 1.4 ሚሊዮን መጽሐፍ እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የሚያኮራ ነው። የዋድላና የተንታ ልጅ ግን እዚያ አይደርስም። ለእሱ የሚደርስለት የእናንተ ነው።

ስለሚገዛው መጽሐፍ አጭር ልበል። በእርዳታ ከውጭ የሚመጣ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መደርደሪያ ያጨናንቃል፤ አይነበብም። በአማርኛ የተጻፈ ልብ ወለድ፣ ታሪክ፣ የሕፃናት መጽሐፍ፣ ስለ ግብርናና ስለ ጤና በቀላሉ የተጻፈ ነገር ይገዛ። የመማሪያ መጽሐፉ እየታተመ፣ እየተጠረዘ ለውሰት ይቅረብ። አዲስ ዘመን፣ በኩር፣ ሪፖርተር ጋዜጦች ሳይዘገዩ ይምጡ። ምን እንደሚገዛ የሚመርጥ ኮሚቴ ውስጥ ተማሪና የቤት እመቤት ይኑርበት። ማየት ለተሳናቸው ደግሞ መጽሐፍ በድምፅ ይቀረጽ፤ መጽሐፍ ማየት ለተሳናቸው በሚመች መልክ እንዲዘጋጅ የሚፈቅደውን የማራካሽ ስምምነት ኢትዮጵያ ተቀብላለች፣ መንገዱ ክፍት ነው። ኢንተርኔት በማይኖርበት ጊዜም ኪዊክስ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሙሉ ዊኪፒዲያን አንድ ኮምፒውተር ላይ አውርዶ ማስነበብ ይቻላል።

አንድ መደርደሪያ ደግሞ ለከተማዋ ለራሷ ይለቀቅ። የ1966ቱን ድርቅ በዐይናቸው ያዩ ሰዎች እየሄዱብን ነው። የ1977ቱም እንዲሁ። የ2014ቱን ጦርነት ያየን ሁላችን አለን፤ ግን ማን ጻፈው? የቅሬ መተዳደሪያ ደንብ፣ የድሮ ፎቶ፣ የመንዙማ ቅጂ፣ የቅኔ መምህራን ቃል፣ የገበያ ዘፈን። ተማሪዎች በስልካቸው አያቶቻቸውን ይቅረጹ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ያስቀምጥ። ይህ ክፍል ብቻ ከግቢ አይውጣ፤ የሱ ቅጂ ይዋስ። ወደፊት ስለ ወሎ የሚጽፍ ሰው እናንተ ዘንድ ይመጣል።

ሠራተኛውን በተመለከተ ቀጥታ ልናገር። ቤተ መጻሕፍት በብዙ ቦታ ሌላ መሥሪያ ቤት ያልፈለገው ሰው የሚመደብበት ሆኗል። ሰዎቹን አልነቅፍም፤ አመዳደቡን ነው። መጽሐፍ የሚወድ፣ የሰለጠነ፣ ሥልጠናውም በየጊዜው የሚታደስለት አንድ ባለሙያ መድቡ። ደረጃውንና ደሞዙን ለሥራው የሚመጥን አድርጉ። ዩኔስኮ በ1949 እ.ኤ.አ. ባወጣው፣ በ1994 እና በ2022 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶ ላይ፣ አገልግሎቱ በመርህ ደረጃ ነጻ እንደሆነ፣ ኃላፊነቱም የአካባቢና የአገር መንግሥት እንደሆነ ተጽፏል። ይህ ለሀብታም አገር ብቻ የተጻፈ አይደለም።

በሰኔው የምክር ቤት ጉባኤያችሁ ሁለት ነገር አጀንዳ አድርጋችሁ አቅርቡልኝ። የመጀመሪያው የውሰት መመሪያው ነው፤ የሚጠፋ መጽሐፍ እስከ ስንት እንደሚታለፍ የሚወስነው። ሁለተኛው ለአዲስ መጻሕፍትና ለካርድ የሚሆን አንድ የበጀት መደብ ነው፤ ትንሽም ቢሆን ስሙ ተጠቅሶ ይያዝ። የበጀት ስም ያልተጻፈለት ነገር ዓመቱን ሙሉ እንደማይገኝ ታውቁታላችሁ። ከዚያ መስከረም ላይ ጀምሩ። ሁሉንም መጽሐፍ በአንዴ ማውጣት ካስፈራችሁ፣ ድርብ ቅጂ ያላቸውን ብቻ አውጡ። እስከ ታኅሣሥ የወጣውንና የተመለሰውን ቆጥራችሁ በማስታወቂያ ሰሌዳ ለጥፉልን።

መመሪያውን በማርቀቅ፣ ካርዱን በማዘጋጀት፣ የቅሬ ዳኞችን በማነጋገር እኔም ባልደረቦቼም እናግዛለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ጊዜ አለን። ጥሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
በወሎ የሚያስተምር መምህር